ከጦር ሜዳ ጉዳት በኋላ ወደ ሕዝብ አገልግሎት፦ ከየት ይጀመራል?

ሆስፒታል የተኛን ከባድ ቁስለኛ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ «ዋናው ነፍስህ መትረፏ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ጠያቂው ሲወጣ ቁስለኛው ከጣሪያው ጋር ይፋጠጣል። ደንብ ልብሱ የለም። ማዕረጉ ወረቀት ላይ ቀርቷል። ጓዶቹ ግዳጅ ላይ ናቸው። ከነርሷ በቀር ነገ ጠዋት የሚፈልገው ሰው የለም።

ይህ መመሪያ በውጊያ ክፉኛ ተጎድቶ ከሠራዊቱ ለወጣ፣ ወይም በሕክምና ቦርድ ሊሰናበት ለተቃረበ፣ አሁንም ግን ሕዝብ ማገልገል ለሚፈልግ ሰው ነው። ለወንዱም ለሴቷም። የሕዝብ አገልግሎት ስል ፓርላማ መግባትን ብቻ አይደለም። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚያይ ቢሮ፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ የሚቀበል ክፍል፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። አልጋ ላይ ሆኖ «የሕይወቴ ዓላማ ምንድን ነው?» እያሉ መብሰልሰል ብዙ አያስኬድም። ጥያቄው ለጤነኛ ሰውም ይከብዳል። «በዚህ ሳምንት የማንን ጉዳይ ላስጨርስ?» የሚለው ግን መልስ አለው። ስለዚህ ዓላማ እስኪገለጥላችሁ አትጠብቁ፤ ሥራ ጀምሩ።

1. ሰውነታችሁ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያሠራችሁ እወቁ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ብዙ ነው። ወታደር «እችላለሁ» ማለት ስለለመደ። ሥራ ይጀምራል፣ ትንሽ ሳምንታት ይታገላል፣ ይወድቃል፣ «ለካ አልረባም» ብሎ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ያጠፋው ነገር ቢኖር የራሱን ሰዓት አለማወቁ ነው።

ደብተር ያዙ። ለሁለት ሳምንት መቼ መድኃኒት እንደወሰዳችሁ፣ መቼ አእምሯችሁ ጥርት እንዳለ፣ መቼ ሕመሙ እንደተነሣ ጻፉ። አሳምሮ መጻፍ አያስፈልግም። እንዲህ ይበቃል፦

«ሰኞ። 2፡00 መድኃኒት። ከ3 እስከ 5 ተኩል ደህና ነበርኩ፣ አነበብኩ። ከምሳ በኋላ ጫጫታ አልቻልኩም። 9፡00 ሰው ሠራሽ እግሩ ጠበበኝ፣ አወለቅኩት። ማታ የሌለው እግሬ ጣቶች ሲያቃጥሉኝ አደሩ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስታገላብጡት አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ይህ ሰው ለምሳሌ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አለው። ከሰዓት በኋላ የለውም። ሥራ የሚፈልገው በዚያ ልክ ነው።

ጉዳቱም እንደ ዓይነቱ የራሱ ጠባይ አለው። እግር ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ክፍል በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ያብጣል፣ ይከሳል፣ ቅርጹን ይቀይራል። ትናንት ልክ የነበረው ሰው ሠራሽ እግር ዛሬ ይጠብባል ወይም ይላላል። በየጊዜው ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ማስተካከል ግድ ነው። ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው ደግሞ ያችኑ መንገድ ለመሄድ ከሌላው በጣም የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም ሥራ ለጊዜው ይቆይ።

የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው ዊልቸር ላይ ሲውል በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው ሰውነቱን ከወንበሩ ከፍ ወይም ዘንበል ማድረግ አለበት። አለዚያ የመቀመጫ ቁስል ይመጣበታል፤ እሱ ደግሞ ለወራት አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ስብሰባ ለዚህ ሰው ቀልድ አይደለም።

በፍንዳታ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ችግሩ ከውጭ አይታይም። መብራት ይወጋዋል። የሚያውቀው ስም ይጠፋዋል። ከሰዓት በኋላ ድንገት ዝልፍልፍ ይላል። ሰው ደግሞ «አንተማ ምን ሆነሃል፣ ደህና ነህ እኮ!» ይለዋል። ደብተሩ ከሁሉም በላይ ለእሱ ያስፈልጋል፤ ለሐኪሙም ለአለቃውም የሚያሳየው ማስረጃ ይሆነዋል።

ቅዠት፣ መበርገግ፣ ከሰው መሸሽ፣ የሆነውን ደግሞ ደጋግሞ ማየት ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ኑሮን ካወከ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ሕመም ነው። ሕክምና አለው፤ በንግግርም በመድኃኒትም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና አሁኑኑ ለሐኪም ወይም አጠገባችሁ ላለ ሰው ተናገሩ። የሥራው ነገር ይደርሳል።

2. የሌላ ሰው ጉዳይ ይዛችሁ አስጨርሱ

ታሚ ዳክዎርዝ የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተር አብራሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ኢራቅ ውስጥ ሄሊኮፕተሯ በአርፒጂ ተመታ። ሁለት እግሮቿን አጣች፤ ቀኝ እጇም ክፉኛ ተጎዳ። ዋልተር ሪድ በተባለው የጦር ሆስፒታል ተኝታ ሳለ የግዛቷ ሴናተር ዲክ ደርቢን ስልክ ቁጥሩን ሰጣት። እሷም ስለ ሌሎች ቁስለኞች ችግር ትደውልለት ጀመር። በ2005 ስለ ቁስለኞች ሕክምና ኮንግረስ ፊት ቀርባ ተናገረች። በኋላ ሴናተር ለመሆን የበቃችው ሴት የጀመረችው እንዲህ ነው፤ አጠገቧ በተኙት ሰዎች ጉዳይ።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። አጠገባችሁ ጡረታው የዘገየበት፣ ሰው ሠራሽ እጅ ተራ የሚጠብቅ፣ ማስረጃው የጠፋበት ሰው አይጠፋም። አንዱን ሰው፣ አንዱን ጉዳይ ያዙ። ሁለተኛውን አሁን አትንኩ።

አንድ ገጽ ወረቀት ለአራት ክፈሉ። ጉዳዩ ምንድን ነው? የት ቢሮ፣ ማን ጠረጴዛ ላይ ነው የቆመው? የጎደለው ወረቀት የትኛው ነው? ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ስልክ በደወላችሁ ቁጥር ቀኑን፣ ያነጋገራችሁትን ሰው ስምና ያለውን ቃል ጻፉ። «ነገ ተመለሱ» ካለም ይጻፍ። ሰውየው ጉዳዩን እንድትከታተሉለት በጽሑፍ ይፍቀድላችሁ፤ የሕክምና ወረቀቱን ደግሞ ለማንም አታሳዩ። ገንዘብም አትቀበሉ። ጉዳይ ገዳይ ሁኑ አላልኩም!

ጉዳዩ ሲያልቅ፣ ወይም አልሳካ ብሎ ሲቆም፣ ስለ ራሳችሁ አንድ ነገር ታውቃላችሁ። የትኛው ክፍል ደስ አላችሁ? ሰውየውን ማነጋገሩ? ደንቡን ፈልፍሎ ማግኘቱ? ከኃላፊው ጋር መከራከሩ? ወይስ «ይህ አሠራር ራሱ መቀየር አለበት» ብላችሁ ተናደዳችሁ? ለሚቀጥለው ደረጃ የምትፈልጉት መልስ ይህ ነው።

3. ሥራውን ምረጡ

ማነጋገሩ ከጣማችሁ አዲስ ቁስለኞችን የሚያማክር፣ የሚቀበልና የሚመራ ሥራ አለ። በእሱ የደረሰው በእናንተም ስለደረሰ ቁስለኛው ያምናችኋል፤ ይህን ማንም በሥልጠና አያገኘውም። ደንቡ ከሳባችሁ ሕግ ወይም የሕዝብ አስተዳደር ተማሩ። ማደራጀት የለመደ የሎጂስቲክስ ወይም የመገናኛ ሰው ለአደጋ መከላከል ቢሮ ወርቅ ነው። ንዴቱ ከበዛባችሁ ደግሞ ምክር ቤቱ ለእናንተ ይሆናል፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የድሮው ሕልም ሊቀር እንደሚችል ማመን ግን ያማል። አሜሪካዊው ወታደር ዳንኤል ኢኖዌ ቀዶ ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1945 ጣሊያን ውስጥ ሲዋጋ ቀኝ እጁን አጣ። ያ መንገድ ተዘጋ። በዚያው ወር፣ በዚያው አገር፣ ቦብ ዶል የተባለ ሌላ መኮንን ትከሻውን ተመቶ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሁለቱ ሚሺጋን ውስጥ ፐርሲ ጆንስ በተባለ የጦር ሆስፒታል ተገናኙ። ኢኖዌ «ወደፊት ምን ልትሠራ አሰብክ?» ብሎ ሲጠይቀው ዶል ሕግ መማር፣ ከዚያ የግዛት ምክር ቤት፣ ከዚያ ኮንግረስ ብሎ ዘረዘረለት። ኢኖዌ ዕቅዱን ወሰደና በ1959 ኮንግረስ ገባ፣ ከዕቅዱ ባለቤት ከዶል ቀድሞ። ዶል በ1961 ደረሰ። ሦስተኛው የሆስፒታሉ ጓደኛቸው ፊሊፕ ሃርትም ሴናተር ሆነ። ዛሬ ያ ሕንፃ በሦስቱ ስም ይጠራል።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር ቀላል ነው። አጠገባችሁ የተኛውን ሰው ዕቅዱን ጠይቁት። ከወደዳችሁት ውሰዱት። አያስከፍልም።

4. ወረቀታችሁን አሟሉ፣ ጡረታውን አስቀድማችሁ ጠይቁ

የሕክምና ቦርዱን ውሳኔ፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ የአገልግሎት ማስረጃውንና የሥልጠና ምስክር ወረቀቶቹን ሰብስቡ። እያንዳንዱን በስልክ ፎቶ አንሡ፤ አንድ ኮፒ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ።

ቅጥር ከመፈረማችሁ በፊት ጡረታውን ለሚከፍለው መሥሪያ ቤት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ፦ «ደመወዝ ብጀምር የጉዳት አበሌ ወይም ሕክምናዬ ይነካል ወይ?» ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል። የቃል መልስ አትቀበሉ። ማኅተም ያለበት መልስ እስኪመጣ ፊርማውን አቆዩት። ሥራ ጀምሮ የሕክምና መብቱ ሲቋረጥ ደንግጦ ሥራውን የሚተው ሰው ሁለቱንም አጣ ማለት ነው።

5. የወታደር ቋንቋውን ወደ ሲቪል መልሱት

ቀጣሪው ጋንታ ስንት ሰው እንደሆነ አያውቅም። ብዙ የቀድሞ ወታደር ሲቪው ላይ «የጋንታ መሪ፣ በተለያዩ ግዳጆች የተሳተፈ» ብሎ ይጽፋል። ቀጣሪው አንብቦ ያልፈዋል።

እንዲህ ይጻፍ፦ «30 ሰዎችን መርቻለሁ። ምግብ፣ ውሃ፣ መድኃኒትና ተሽከርካሪ በየቀኑ መድረሱን እከታተል ነበር። የተሰጠኝን ንብረት ሳላጎድል አስረክቤያለሁ። በየሳምንቱ የጽሑፍ ሪፖርት አቀርብ ነበር።» ቁጥሩ የእናንተው እውነተኛ ቁጥር ይሁን። የመሣሪያ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ የተገደለ ጠላት ብዛት ሲቪ ላይ አይገባም። ከቆሰላችሁ በኋላ ያስጨረሳችሁትን ጉዳይም ጨምሩ፤ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው።

ሲቪውን ውትድርና የማያውቅ ሰው ያንብበው። ያልገባውን ቃል ሁሉ ያስምርበት። ያንን ቀይሩ።

6. የሚያስፈልጋችሁን ነገር ጠይቁ

እዚህ ላይ ነው ጀግናው ሁሉ የሚያፍረው። ጥይት ሲዘንብ ያልፈራ ሰው «ጠረጴዛው ከፍ ይበልልኝ» ለማለት ይሽኮረመማል።

ልመና አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ አንቀጽ 27 የሥራ መብትን ደንግጓል። በሥራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ፣ መንግሥትም አካል ጉዳተኞችን ራሱ እንዲቀጥር ይላል። ስምምነቱን አብዛኛው አገር ተቀብሎታል። የአገራችሁን ሕግ ፈልጉና ቁጥሩን ያዙ።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ቦታውን እዩት፣ ወይም ሰው ልካችሁ አስለኩት። ዊልቸር እንዲያልፍ በሩ ተከፍቶ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልገዋል። ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የዊልቸር መወጣጫ) ካለ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ይኑረው፤ ከዚያ ካጠረ ቁልቁለት ነው። ሽንት ቤቱን አትርሱ። መግቢያው አምሮ ሽንት ቤቱ ደረጃ ላይ የሆነ ሕንፃ ሞልቷል። ሊፍት አለ ካሏችሁ «ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«የተመደብኩበትን ሥራ ሙሉ በሙሉ መሥራት እችላለሁ። ለዚህም ሦስት ነገሮች እንዲመቻቹልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ቢሮዬ ምድር ቤት ወይም ሊፍት ባለበት ፎቅ እንዲሆን። ሁለተኛ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ከጠረጴዛዬ ዞር እንድል። ሦስተኛ፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዬ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ያንን ሰዓት ሐሙስ ጠዋት ቀድሜ በመግባት እንዳካክስ። የሐኪም ማስረጃ አያይዤአለሁ።»

የጉዳቱ ታሪክ ደብዳቤው ውስጥ የለም። አያስፈልግም። ደብተራችሁ ለዚህ ጠቀማችሁ፤ የምትጠይቁትን ነገር በትክክል ታውቁታላችሁ።

7. ታሪካችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ

«ምን ሆነህ ነው?» የሚል ጥያቄ በቃለ መጠይቅም፣ በሊፍትም፣ በሻይ ሰዓትም ይመጣል። በየጊዜው ሙሉውን መተረክ ቁስሉን እንደገና መክፈት ነው። አጭር መልስ አስቀድማችሁ ያዙ፦ «ግዳጅ ላይ ፈንጂ አገኘኝ። አሁን ደህና ነኝ፣ የመጣሁት ስለዚህ ሥራ ነው።» ከዚያ ወሬውን ወደ ሥራው መልሱት። ሰው አይቀየምም።

ሌላም ነገር አለ። የተጎዳ ወታደር መድረክ ላይ ማስቀመጥ የሚወድ ኃላፊ አይጠፋም። በበዓል ቀን ይጠሯችኋል፣ ከፊት ያስቀምጧችኋል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይጨበጨባል። በማግሥቱ የሚሰጧችሁ ሥራ የለም። የመጀመሪያውን ግብዣ ተቀበሉ። ሁለተኛው ሲመጣ ግን «ደስ ይለኛል፤ ከዚያ በፊት ግን ያቀረብኩት የሥራ ጥያቄ የት ደረሰ?» በሉ። መልሱ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

8. የመጀመሪያዎቹ ወራት

ሲቪል መሥሪያ ቤት ያበግናል። ትእዛዝ ሰጥታችሁ ወዲያው አይፈጸምም። ደብዳቤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ይተኛል። ሰው ለስብሰባ አርፍዶ ይመጣል፤ ይቅርታም አይጠይቅም። «እዚህ ማንም ደንታ የለውም» ከማለታችሁ በፊት አንድ ሰው ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ መዝገብ ቤት ያለች፣ ሁሉም የሚሰማት ሴት ናት። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ እሷ ታሳያችኋለች። እዚያ ማዕረጉ ያላት እሷ ናት።

ድምፃችሁን ቀንሱ። ጦር ሜዳ ላይ ነፍስ ያዳነ ድምፅ ቢሮ ውስጥ ሰው ያስደነግጣል።

ትናንሽ ዘዴዎችን አትናቁ። ዶል ቀኝ እጁ ውስጥ ሁልጊዜ እስክሪብቶ ይይዝ ነበር፤ ሰው የተጎዳውን እጁን ለመጨበጥ እንዳይዘረጋ። ግራውን ይሰጣል። ነገሩ ሳይነሣ ያልፋል። የእናንተስ ምን ይሆን? ስም የሚጠፋበት ሰው ስብሰባ ሲገባ የተሰብሳቢዎችን ስም እንደ አቀማመጣቸው ወረቀት ላይ ይሥራ። ጩኸት የማይችል በር አጠገብ ይቀመጥ። ከኋላው ሰው ሲያልፍ የሚበረግግ ጀርባውን ለግድግዳ ይስጥ።

ቤተሰብንም አስቡ። የትዳር ጓደኛችሁ ለወራት ነርስም፣ ሾፌርም፣ ጸሐፊም ሆና ወይም ሆኖ ከርሟል። ሥራ ስትጀምሩ የእነሱ ቀንም ይለወጣል። ማን ያደርሳል፣ ማን ይመልሳል፣ ቀጠሮ ማን ይይዛል የሚለውን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተነጋገሩበት።

9. ምርጫ ለመወዳደር ካሰባችሁ

ቅስቀሳ ሰውነት ይበላል። ደብተሩ በቀን ስድስት የሥራ ሰዓት የማይሰጣችሁ ከሆነ አንድ ዙር አሳልፉ። የአካባቢ ምክር ቤት ጥሩ መለማመጃ ነው።

አሜሪካዊው ወታደር ማክስ ክሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1968 ቬትናም ውስጥ በቦምብ ሁለት እግሮቹንና ቀኝ እጁን አጣ። በ1970 ለጆርጂያ ግዛት ሴኔት ተመረጠ፤ ገና 28 ዓመቱ ነበር። በ1977 የአገሪቱን የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት እንዲመራ ተሾመ። ዳክዎርዝ ግን የመጀመሪያ ውድድሯን በ2006 ለጥቂት ተሸነፈች። በዚያው ዓመት መጨረሻ የግዛቷን የቀድሞ ወታደሮች ቢሮ እንድትመራ ተሾመች፤ ኮንግረስ የገባችው በ2012 አሸንፋ ነው። ስለዚህ ከመወዳደራችሁ በፊት ብትሸነፉ የምትሠሩትን ሥራ ወረቀት ላይ አስፍሩ። የቆሰላችሁበትን ታሪክም ለቅስቀሳ ምን ያህል እንደምታወጡት ያኔውኑ ወስኑ፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም።

10. ሥራው ሲሳካም ሕክምናውን አታቋርጡ

የክሌላንድ ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ግን ያንን ወንበሩን በምርጫ አጣ። ከዚያ በኋላ ከባድ ድብርት ያዘው፣ የጦርነቱ ጭንቀትም ተመለሰበት። ከቆሰለ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያውም የጦርነት ጭንቀት ያለባቸውን የሚያማክሩ ማዕከላት እሱ በሚመራው መሥሪያ ቤት በ1979 የተከፈቱ ናቸው። ወደ ዋልተር ሪድ ተመልሶ ታከመ፤ ነገሩንም በአደባባይ ተናገረው።

ስለዚህ የሐኪም ቀጠሮ እንደ ማንኛውም ስብሰባ በሥራ መርሐ ግብራችሁ ላይ ይጻፍ፤ ደህና በሆናችሁበት ወርም ጭምር። ሰው ሠራሽ አካሉን የሚያስተካክለው ባለሙያ ዘንድም ሕመም እስኪጀምር ሳትጠብቁ ሂዱ። በየስድስት ወሩ ደግሞ ደብተሩን ለአንድ ሳምንት መልሳችሁ ያዙት። የምትችሉት ሰዓት ጨምሮ ከሆነ ተጨማሪ ኃላፊነት ጠይቁ። ቀንሶ ከሆነ ለሐኪሙ አሳዩት፣ አለቃችሁንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። ከሥራው ውጭ የምታገኙት አንድ ቋሚ ሰው ይኑራችሁ፤ የድሮ ጓድ ቢሆን ይመረጣል። ቀኑ የታወቀ ይሁን፣ ከቀራችሁም ደውሎ «የት ገባህ?» የሚል ሰው ይሁን።